«ደጋፊ» የሚለውን ቃል ብልቃጥ ላይ ለለጠፉት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የዕፅዋት እንክብል አምራችና አከፋፋይ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ሰው የሌለውንም ቢሆን ለሌላው መመኘት ስለማይከለከል፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ የጸጉርዎም ሥር የጠበቀ ይሁን። እኔ ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህርት ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰዋስው አስተምሬአለሁ፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ የጡት ካንሰር ታካሚ ነኝ።

የሕግ ክፍልዎ የጻፈልኝ ደብዳቤ በሰላም ደርሶኛል። ከውኃ ቢሮ ማስታወቂያ በቀር በዚህ ዓመት በስሜ የመጣ ብቸኛ ደብዳቤ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የእንክብሉን ስምና የድርጅቱን ስልክ ቁጥር ከሆስፒታሉ ቅጽ ላይ እንዳሰርዝ ያዝዛል፤ በእንክብሉ ብልቃጥ ላይ ያለው «ደጋፊ» የሚለው ቃል የንግድ አገላለጽ እንጂ ሰውን የመደገፍ ግዴታ እንዳልሆነ ያስረዳል፤ በሕክምናዬ ዕለት ሥራዋን ጥላ ወደ ሆስፒታል የመጣችልኝ ሠራተኛም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሯን ይገልጻል። እንደ ልማዴ በቀይ ብዕር አርሜዋለሁ፤ ሁለት የፊደል ግድፈትና አንድ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አለበት፤ ከአሥር ስድስት ሰጥቼዋለሁ። መልሴን በጋዜጣ ማውጣቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ለእርስዎ በግል የጻፍኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ያልተከፈቱ ሆነው ስለተመለሱልኝ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቃሉ። እንክብልዎ ቤቴ የገባው ልጄ ልኮልኝ ነው። ልጄ አንድ ነው፤ ሥራው ሩቅ ከተማ፣ ኑሮው ጥድፊያ ነው። ኬሞ ልጀምር መሆኔን በስልክ ስነግረው፣ እሱ መምጣት ባይችልም ደጋፊ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። እኔም አልጋ አነጠፍሁ። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን ሳይሆን ለትክክለኛነት ነው፤ የእንግዳ ክፍሉን አንሶላ ቀየርሁ፣ ፎጣ አጥፌ ወንበር ላይ አኖርሁ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ ሠርቼ ጠበቅሁ። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የመጣልኝ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ ነበር። በላዩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ለካንሰር ሕክምናዎ ሁነኛ ደጋፊ» ይላል። ልጄ አልዋሸም፤ ያነበበውን ነው የነገረኝ። ምሳውን ሁለት ቀን በላሁት።

ሁለተኛ፣ ብልቃጡ ውስጥ ስላለው ወረቀት። ከወይን ፍሬና ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተጨመቀው አንቲኦክሲዳንት «ሕዋሳትን ከዝገት በመጠበቅ የሕክምናውን ውጤት እንደሚያግዝ ይታመናል» ይላል። ተማሪዎቼን ግሥ ባያችሁ ቁጥር ባለቤቱን ፈልጉ እላቸው ነበር። እኔም «ይታመናል» የሚለውን ይዤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ጀርባ ፈተሽሁ፤ ያመነውን ሰው አጣሁት። ባለቤት ማጣት ምን እንደሆነ አላጣሁትም፤ የእኔ ባለቤት ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። እሱ ግን ቢያንስ ያለበት ቦታ ይታወቃል።

ሐኪሜን ጠየቅሁ። ሐኪሜ ቸኩላ የምትናገር፣ ነገር ግን የጠየቋትን የምትመልስ ወጣት ናት። ኬሞው የታመመውን ሕዋስ ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ያው ድርጅትዎ ዝገት የሚለው ነገር መሆኑን፣ እንክብሉ ጤነኛውን ብቻ መርጦ ይጠብቅ ወይም የታመመውንም አብሮ ያስጠልል እንደሆነ በቂ ማስረጃ እንደሌላት፣ ስለዚህም ሕክምናው እስኪያልቅ እንዳቆመው ነገረችኝ። አሥራ አንድ ቀን ወስጄ ነበር፤ አቆምሁ። ያንኑ ጥያቄ አሳጥሬ ለድርጅትዎ ላክሁ፦ እንክብላችሁ ከዝገት የሚጠብቀው ማንን ነው? በስልክ መልእክት የደረሰኝ መልስ ከሐኪሜ ጋር እንድመካከር የሚል ነበር። ከሐኪሜ ወደ እናንተ፣ ከእናንተ ወደ ሐኪሜ ስመላለስ ብዙ ስለተራመድሁ፣ ለእንቅስቃሴው ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ልጄ እንክብሉን ሲገዛ የእኔን ስልክ አስመዝግቦ ኖሮ፣ በየሳምንቱ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ አንዲት ልጅ ትደውልልኝ ነበር። የምታነበው ከወረቀት ነው፤ ገጹን ስትገልጥ ይሰማል። እንክብሉን መውሰዴን፣ የተለየ ስሜት መኖር አለመኖሩን፣ ለወዳጅ ዘመድ መንገሬን ትጠይቃለች። መጀመሪያ «ክቡር ደንበኛችን» ነበር የምትለኝ፤ በሦስተኛው ሰኞ ግን «እማዬ» አለችኝ። አንድ ልጅ ብቻ እንዳለኝ፣ እሱም ወንድ እንደሆነ ነግሬ ላርማት አሰብሁ። አላረምኋትም። ሐኪሜ ካስቆመችኝም በኋላ ወሰዱ ወይ ስትለኝ ወስጃለሁ እላታለሁ። አቁሜአለሁ ካልሁ ጥሪውም እንደሚቆም ገብቶኝ ነበር። ተማሪ ሲዋሽ በዓይኑ የማውቅ ሴት፣ በስልክ ዓይን ስለማይታይ፣ ሰባት ሰኞ ዋሽቻለሁ። ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ ከረኩ ደንበኞች ጋር ተቆጥሬ ከሆነ እባክዎ ያሰርዙልኝ፤ የረካሁት በጥያቄው እንጂ በእንክብሉ አይደለም።

አራተኛ፣ ስለ ቅጹ። ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ስድስት ወንበር አለው፤ የእኔ አራተኛው፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ነው። ማንኛውም ታካሚ ሲገባ ቅጽ ይሞላል። ድሮ አስታማሚ ይባል የነበረው ሰው አሁን ቅጹ ላይ «ደጋፊ» ተብሏል፤ የደጋፊ ሙሉ ስም፣ ከታካሚው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ስልክ ቁጥር። ደጋፊ የሌለው ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል። ደንቡን አልቃወምም፤ አንዲት ሴት መድኃኒቱን ወስዳ ብቻዋን ስትወጣ ደረጃው ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን ሸፍና አብራኝ ሄደች፤ ከዚያ ልጇ ወለደችና ልታርሳት ሄደች። ይገባታል፤ እናት ወደ ልጇ መሄድ አለባት። በሦስተኛው ዙር ብቻዬን ሆንሁ።

ቅጽን ባዶ ትቶ ማስረከብ እኔ ያላስተማርሁት ነገር ነው። ብልቃጡን ከቦርሳዬ አወጣሁና በደጋፊ ስም ቦታ የእንክብሉን ስም፣ በግንኙነት ቦታ «በልጅ የተላከ»፣ በስልክ ቦታ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ሞላሁ። ቀልድ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ቀልድ ብቻ ነበር ብልም እንደዚያው።

ቅጹን የምትቀበለው ሲስተር ሥራ የበዛባት ስለሆነች ስሙን ሳታጤን ደወለች፤ እጇም ስለተያዘ ስልኩን ለሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስድስት በሽተኞች ሆነን፣ ጥሪያችን ለድርጅትዎ እጅግ የከበረ መሆኑን ሰማን፤ ሙዚቃውንም እስከ መጨረሻው አዳመጥን። ከጎኔ የተቀመጠው ሜካኒክ ነገሩ ሲገባው፣ የጎማ ፋብሪካውም ማስታወቂያው ላይ የመንገድ ጓደኛዎ ነኝ ስለሚል ለእሱም እንዲደወልለት ሲስተሯን ለመናት፤ ሲስቅ ክንዱ ላይ ያለው ቱቦ ይወዛወዝ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ከብዙ ቀን በኋላ።

በመጨረሻ የሰኞዋ ልጅ አነሳችው። ሲስተሯ ሙሉ ስሜን ጠራችና፣ ደጋፊዋ እናንተ ናችሁ ስለሚል ስትጨርስ መጥታችሁ ውሰዷት አለች። ወረቀት ሲገለጥ አልሰማሁም። ለዚህኛው የተጻፈላት ነገር አልነበረም።

«እማዬ፣ እርስዎ ነዎት? ዛሬ እኮ ሰኞ አይደለም፤ ደኅና ነዎት?»

ደኅና መሆኔን ነገርኋት፤ ይህም ከዋሸሁት ጋር ይደመር።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች፤ አረንጓዴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ደረቷ ላይ የድርጅትዎ ምልክት እንደተሰፋ። ከድምፅዋ ይልቅ አጭር ናት። ቅጹ ላይ የእንክብሉን ስም በአንድ መስመር ሰርዛ የራሷን ጻፈች፤ «ግንኙነት» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አንስታ አየችኝ። ያ ቦታ ባዶውን ቀረ። ደረጃውን ክንዴን ይዛ፣ በእያንዳንዱ እርከን እየቆመች አወረደችኝ። ቤቴ አስገብታ ጫማዬን አወለቀችልኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብላ ጠየቀችኝ፣ ከዚያም እየሮጠች ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ከድርጅትዎ ያገኘሁት ድጋፍ ልኩ ይህ ስለሆነ፣ መጠኑ ሳይጨመርበትም ሳይቀነስበትም መዝግቤዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ተወሰደው እርምጃ። አሁን ሰኞ አራት ሰዓት ላይ የሚደውልልኝ የተቀዳ ድምፅ ነው። እንክብሉን ወስጄ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ለእሱ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ አልወሰድሁም እለዋለሁ። እሱም ስለ መልሴ ያመሰግነኝና መልካም ቀን ይመኝልኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእንክብሉን ስም ልጅቷ ሰርዛው ስለነበር፣ የሕግ ክፍልዎ እንዳዘዘኝ የቀረውን ስልክ ቁጥር ከቅጹ አሰርዣለሁ። የፊታችን ማክሰኞ አራተኛው ዙር ነው፤ ሐኪሜም እንዳይዘገይ አስጠንቅቃኛለች። የደጋፊ ስም የሚለው ቦታ ላይ የምጽፈው ሰው የለኝም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን በትሕትና እለምናለሁ፦ ወይ ቃሉን ከብልቃጡ ላይ ያንሱት፣ ወይ ለቃሉ ሰው ይመድቡለት። ልጅቷን ለአንድ ከሰዓት ቢያውሱኝ በግምጃ ቤት ያሉት ካርቶኖች የሚከፋቸው አይመስለኝም፤ እነሱ ተደራርበው ስለሚቀመጡ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ይህ የማይሆን ከሆነም አልቀየምም። ለሰው ሁሉ የሚበቃ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እንክብል ግን ለሁሉ የሚበቃ መኖሩ የእርስዎ የድካም ፍሬ ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሙዚቃው፣ በስሜ ስለ ጻፉልኝም ደብዳቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለእርስዎም መቼም ቅጽ የማይሞሉበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ የሰዋስው መምህርት
ከአራተኛው ወንበር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ልልክ ስነሣ በዚያው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ከልጄ ጥቅል ደረሰኝ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ለማክሰኞ ደጋፊ እንደሌለኝ ነግሬው ነበር፤ እሱ የገባው ብልቃጡ እንዳለቀብኝ ነው። ሁለት ልኮልኛል። ሽያጭዎ በእኔ ምክንያት እንዳልቀነሰ ሳበስርዎ ደስ እያለኝ፣ ዋናው ደንበኛ እሱ ስለሆነ ለእርስዎ በሚደርሰው ቅጂ ላይ የስልክ ቁጥሩን አያይዣለሁ። ከእንግዲህ የሰኞው ጥሪ ለእሱ ይሁን። በወረቀታችሁ ላይ «እናትዎ እንዴት ናቸው?» የሚል ጥያቄ ካለ፣ የሚሰጠውን መልስ ለእኔም ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።