ለነባሩ ዲሽ ስለ ተሰጠው የአገልግሎት ዘመን ቅድሚያ

ለተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል
የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ቦንጋ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የሰሞኑ ዝናብ ለጉልበትዎም ለጣሪያዎም እንዲራራ እየተመኘሁ፣ እኔ ከዋጫ የምጽፍልዎ መምህርት ፋኢዛ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ነስሩና የሁለት ዓመቷ ልጄ ኢክራማ ግን ቦንጋ ሱቃችን ውስጥ ሆነው ወደ እነሱ ለመዛወር ላቀረብኩት ጥያቄ መልስ ይጠብቃሉ። እስከ ነሐሴ ሃያ ድረስ መልሱን አይቼ ካላረጋገጥኩ እንደ ተውኩት ይቆጠራል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. የዝውውር ጥያቄና መልስ የሚያልፍበትን ሰርቨርዎን ባለ ሁለት መስመር ስላደረጉልን እናመሰግናለን፤ አንዱ ጣሪያው ላይ ያለው የሳተላይት ዲሽ፣ ሌላው ዘንድሮ የተዘረጋው ኬብል ነው። ከወረዳው ኮምፒውተር የምልከው ጥያቄ በኬብሉ ወዲያው ይገባል። መልሱ ግን፣ ባለሙያዎ አቶ ግዛቸው እንዳስረዱኝ፣ በዲሹ በኩል እንዲወጣ ታዟል፤ ዲሹ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ዝም ይላል። በነሐሴ ዝናብ የማይጥልበትን ቀን ለጠቆመኝ ሰው ዱዓ አደርግለታለሁ።

፪. አቶ ግዛቸው መልሱ ጥያቄው በገባበት መስመር እንዲወጣ ለማዘዝ ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል ብለው ነበር። እርስዎ ግን ነገሩን ለግምገማ አቅርበው፣ ስድስት ዓመት ያገለገለን ዲሽ ትናንት የመጣ ኬብል ሊቀድመው እንደማይገባ በሙሉ ድምፅ አስወሰኑ። ለሰው እንኳ እድገት ሲሰጥ እንዲህ ያለ ፍትሕ አላየሁም። ቃለ ጉባኤውም በሺሺንዳ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ ስለተላከልን በሰላም ደርሶናል።

፫. ልጄ ናፍቃኛለች። ይህን በምስጋና መልክ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን።

ለዲሹ ረጅም ዕድሜ፣ ለኬብሉ ትዕግሥት፣ ለእርስዎም ብራ ሰማይ ከምትመኘው፣ በመጠበቅ ብዛት ነባር ከሆነችው ታዛዥዎ፣

መምህርት ፋኢዛ
ዋጫ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ (ቦንጋ፣ ነሐሴ ፲፱)፦ ዲሹን ስላላመንኩት ደብዳቤውን ራሴ ቦንጋ ድረስ አምጥቼ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። አቶ ግዛቸው ሰርቨሩ ላይ የጥያቄዬን መልስ አሳዩኝ፤ «ተፈቅዷል» ይላል፣ ከተጻፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። እዚያው ፈርሜ አረጋገጥኩ። የቢሮዎ ነባር በር ከተቸነከረ ዓመት ስላለፈው፣ እርስዎም በአዲሱ በር ገብተው በዚያው ሲወጡ አየሁ፤ ያለ አንዳች ግምገማ። ሱቃችን ከቢሮዎ ፊት ለፊት ነው። ከመስከረም ጀምሮ፣ መልስ ያልደረሳቸው የዋጫ መምህራን በአውቶቡስ የሚልኩልኝን ጥያቄ በየማለዳው በእግሬ አመጣልዎታለሁ፣ መልሱንም በገባሁበት በር ይዤ እወጣለሁ፤ እኔን ዝናብ አያግደኝም።