የጠፋችው ሞተርህና አያ ሞላ

ውድ አባዬ፣

አንተ ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። የቁስቋሙ ቤታችን ጣሪያ ታድሷል፤ እማዬም መኝታዋን ወደ ጓሮው ክፍል አዛውራለች። ጋራዡን ግን አልዘጋሁትም። ከሆስፒታል ሥራ ስወጣ ጎራ እልና፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ፍሬን የሠራኸውን የሞተር ጉልበት መለኪያ እወለውላለሁ።

የምጽፍልህ ስለዚያች ሞተር ነው፤ ከውሃ ፓምፕ ፈተህ እኔ እነዳት ለነበረችው ትንሽ የውድድር መኪናችን፣ ለካርቷ ስላዘጋጀሃት። የጎንደር አየር ስስ ነው፣ ትታፈናለች እያልክ ቤንዚኗን ስትቀንስ፣ የአየር መግቢያዋን በሞረድ ስታሰፋ፣ ፍጥነቷን የሚገታውን ነገር ነቅለህ ስትጥል፣ መብራት ይዤልህ አልነበር? መለኪያው ላይ ጭነናት ሚዛኑ ከፍ ባለ ቁጥር እንደ ልጅ ያደርግህ ነበር።

ከአርባህ በኋላ ጋራዡን ስከፍት ሞተሯ የለችም። ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው አያ ሞላ ዘንድ ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልክ የሥራ ባልንጀራህ ዘንድ። ስጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ «አባትሽ ለሰው ሰጥቷት ይሆናል» አሉኝ። ለማን? አያውቁም። ከዚያ ወዲህ አላመንኳቸውም። እማዬን ሊጠይቁ ሲመጡ ዓይኔ እጃቸው ላይ ነው፤ ሲሄዱ የመሣሪያ ሳጥንህን እፈትሻለሁ። እማዬ «ምነው ልጄ? የአባትሽን ወንድም የሚያክል ሰው ትጠረጥሪያለሽ?» ትለኛለች። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ።

ባለፈው በጋ አዘዞ ሜዳ ላይ ካርት ያላቸው ሰዎች ሲሽቀዳደሙ ለማየት ሄድኩ። አያ ሞላ ጥቁር የተቀባ ሞተር በሌላ ካርት ላይ ገጥመው ራሳቸው እየነዱ መጡ። አቀበቱ ላይ የሌሎቹ እየተንተፋተፈ ሲቀር የእሳቸው ሽቅብ ወጣ። ቀረብ ብዬ «ሸጋ ሞተር ናት፤ በእኛ መለኪያ ላይ እንጫናት» አልኳቸው። «መለኪያው ተበላሽቷል» አሉኝ። በዋዜማው ራሴ አሽከርክሬ ሞክሬው ነበር፤ ደህና ነው።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ «አያ ሞላ፣ የሞተሯን የላይኛውን ክዳን ይፍቱልኝ» አልኳቸው። አልተከራከሩም፤ ፈቱት። የአየር መግቢያውን በጣቴ ዳሰስኩ። ግራ ጎኑ ላይ ሞረድህ ያመለጠበት ጭረት አለ፤ መብራቱን ያንቀጠቀጥኩብህ ዕለት የወጣው። «ሌባ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እሳቸው ከአልጋ ሥር ጆንያ ጎትተው ቮላኖዋን አወጡ፤ ያን ከሞተር ጎን የሚሽከረከረውን ከባድ ብረት።

«አባትሽ አስምሎኝ ነው» አሉ። «ብረቱ ተሰንጥቋል፣ ልጄ ካየቻት ትነዳታለች፣ ደብቅልኝ አለኝ። እኔ ቶርኖ ቤት ሌላ ብረት አስቀርጬ ቀየርኩት። በራሴ ላይ ሳልሞክረው ለአንቺ አልሰጥም።»

አላመንኳቸውም። ስንጥቅ አይታየኝም። አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ነጭ ጋዝ ቀብቼ ጠረግሁትና ጠመኔ ነሰነስኩበት። ትንሽ ቆይቶ ከመሃሉ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ጠርዙ የሚሄድ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። ያ ብረት የሚሽከረከረው ከነጂው ክርን አጠገብ ነው፤ በፍጥነት ላይ ሳለ ቢበተን ነጂውን ይገድላል። ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ መቼ አየው?» አልኳቸው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የነዳሽ ዕለት፣ ከወረድሽ በኋላ።»

አባዬ፣ ያን ዕለት ካርቷን ስትቆልፍብኝ የነገርከኝ የካርቡራተር ችግር አለባት ብለህ ነው። ነገሩ አልተዋጠልኝም ነበር፤ ቀንተህብኝ ይሆን እስከ ማለት ደርሻለሁ። ከዚያ ታመምክ። አልጋ ላይ ሳለህ እንኳ ስለ ስንጥቁ ትንፍሽ አላልክም። ምነው? እንዳልደነግጥ ብለህ ነው? ወይስ ያለ ልክ ያስሮጥካት አንተው መሆንህ ከብዶህ? እሳቸውም አያውቁም። አንዳንዴ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

ከብዙ ወራት ማመንታት በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከአያ ሞላ ጋር ሞተሯን መለኪያው ላይ ጫንናት። በእኛና በእሷ መካከል ወፍራም ላሜራ አቆምን። አንተ እያለህ ከደረሰችበት አላነሰችም። አያ ሞላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ እኔም እሳቸውን መጠርጠር የተውኩት ያኔ ነው።

አንተን ግን ገና ጠይቄ አልጨረስኩህም። በዋሸኸኝ ቁጥር ከምን አድነኸኝ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? እንግዲህ ደግነትህን ብቻ ለይቼ አላስታውስህም፤ ከነድብቅነትህ፣ ከነዝምታህ፣ መልስ ካልሰጠኸኝ ጥያቄዬ ጋር እስክሞት ይዤህ እኖራለሁ።

ልጅህ ስመኝ