የአንዷለም መሸኛ

ጥቅምት 21፣ ቢቸና፣ ቀትር
ዛሬም የጤፉን መኪና የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ጫኞች ለሁለት የሚያነሱትን ኩንታል ብቻዬን። ስሚ ደብተር፣ በጉልበት የሚደርስብኝ የለም። ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም አንች ላይ መጻፍ አላቃተኝም።
የአ.አ. አውቶብስ ቆመ። ታናሼ አንዷለም ወረደ። ኮሌጅ ነው የሚማረው፣ ኩራቴ እሱ ነው። ክሳቱ! ሰላም ብለው ፊቱን አዞረብኝ። ጫኞቹ ምሁሩ ኮራብን እያሉ ሳቁ። የአንዱን ጫኝ አንገት ያዝኩ። አንዷለም ኪስ ውስጥ የኪኒን ብልቃጥ አለ፣ የኮሌጁ ክሊኒክ የሰጠው። ጭንቀቱ አላስተኛ ብሎት ትምህርቱን ጥሎ ነው የመጣ።

ጥቅምት 24፣ ሞጣ
እቤት አደረስኩት። እኔ ግን ጓዳ ተደብቄያለሁ። ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን ከጻፈ ቆየ። ቢቸና የምሠራው ለዚህ ነው። ፈርቶ እንዳትይኝ! ብቻ ከሰፈራችን ጦር ሜዳ ከሄዱት የተመለሰ አላየሁም።
እማዬ ጠበል አስጀመረችው። ጠበልና ኪኒን አይደባለቅም ብላ ብልቃጡን ወሰደችበት። ተውኳት። ይሻለው ይሆናል።

ጥቅምት 30
አልተሻለውም። አይተኛ፣ አይበላ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ጠዋት እንጨት ለቃሚዎች ከገደል አፋፍ መለሱት። እማዬ በመጫኛ ይታሰር አለች፣ ጠበል ቦታ እንደሚያስሩት። የኔ ወንድም በመጫኛ! ጮህኩባት። ከዛ አለቀስኩ። ይኸን ማንም እንዳይሰማ።

ኅዳር 2፣ 9 ሰዓት
የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጋሽ ይትባረክን አስመጣሁ። አጠገቡ ተቀምጠው ቀስ ብለው አናገሩት። ራስህን ማጥፋት ታስባለህ ወይ ብለው ፊት ለፊት ጠየቁት። አዎ አለ።
ኪኒኑ ባንዴ መቋረጡ ጎድቶታል አሉ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም ይዋጥ ብለው እማዬን ለመኗት። እዚህ ግን መድኃኒቱ የለም። አ.አ. የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂድ ብለው ጻፉለት። እስከዛ ለአፍታም ብቻውን አይቅር አሉ።
ያለ ቀበሌ መሸኛ ወረቀት ደግሞ ኬላ አያሳልፍም። ለበሽተኛ መሸኛ የሚሰጡት አስታማሚው ራሱ ቀርቦ ሲፈርም ነው። አባታችን የለም። እማዬ ከሮጠ አትይዘውም። የቀረሁ እኔ፤ ቀበሌ ከቀረብኩ ደግሞ ለውትድርናው ያዙኝ ማለት ነው።
እማዬ ገባት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። "አንዱን ላድን ብዬ አንዱን ልስጥ?"
እጇን ይዤ አነሳኋት።

ኅዳር 3፣ ጠዋት
አንዷለም ከስንት ቀን በኋላ እጄን ያዘ።
"ጋሼ፣ ውሰደኝ። ራሴን አላምነውም።"
በቃ። ቀበሌ እሄዳለሁ። ሊቀመንበሩን እንዲህ እለዋለሁ፦ ይኸው እኔ፣ ወንድሜን ሐኪም እጅ ላስረክብና በገዛ እግሬ እመጣላችኋለሁ። ካላመነኝ ጠባቂ ይላክብኝ።
እማዬ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጋቢዬን ደጋግሜ አጣፋለሁ። ብርድ ነው እንዳልል ፀሐይ ወጥቷል።
ሄድኩ።