ከጌሙ ውስጥ ያወጣኋት ባትሪ

ሹፌሩ፣

ጌምህ አልጠፋም። ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ጠቅልዬልሃለሁ። ትናንት ጠዋት ፍራሹን ሁለቴ ስትገለብጥ አብሬህ የፈለግኩት እያወቅኩ ነው። እኔ ጋ፣ የጥገና ሱቄ ውስጥ ነበር።

ለልደትህ ብዬ ነው። ሁለት ነገር በኪሱ ከሚሸከም ብዬ የስልክ ቦርድ ከነሲሙ ውስጡ ገጠምኩበት። ያው ቁልፎቹ፣ ያው ጨዋታው፣ ግን ይደውላል። ቦታ ሲጠበኝ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ነቅዬ ጣልኩ። ደንበኛውን ሁሉ "ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ኮፒ ሳታደርጉ አታስከፍቱ" እያልኩ የምቆጣው ሰውዬ!

ከዚያ አንተ የተገለበጠው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለህ፣ "የምጫወትበት ይመስልሃል? እህቴ ካለፈች ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ከነጥቦቹ ዝርዝር አንደኛ ላይ ስሟን ለማየት ነው የማበራው" አልከኝ።

ስሞቹን የምትይዘው ያቺ ባትሪ ነበረች። ስነቅላት የእህትህም ስም አብሮ ጠፋ።

ግን ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ተወው።

ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ። ቧንቧውን አጥብቀህ ዝጋው፣ ያንጠባጥባል። እኔ ሱቅ አድራለሁ። በየትኛው ዓይኔ ልይህ?

አዲስ ባትሪ ገጥሜለታለሁ፤ ከእንግዲህ የተጻፈበትን ስም ይይዛል። ሳልፈታው በፊት ነጥቧን አይቼው ስለነበር፣ እዚያ ደርሼ ስሟን መልሼ ልጽፍላት ትናንት ሱቁን ዘግቼ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጫወትኩ።

ግማሹን እንኳ አልደረስኩም።

ጎበዝ ነበረች ለካ።