ሳይገባኝ ያነበብሁልሽ ወረቀት

ለእህቴ ለሒክማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። የአላህ ሰላም በምትሠሪበት ቤት፣ በምትቆሚበት ማድቤትና ጎንሽን በምታሳርፊበት ጥግ ሁሉ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? እጅሽ ላይ የወጣው ሽፍታ ከሳሙናው ነው ብለሽኝ ነበር፤ ለቀቀሽ ወይ? የኩዌት ሙቀትስ በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ በጤና በኩል ክፉ ነገር የለብንም። ብርዱ ብቻ ዘንድሮ በርትቷል፤ ጧት ጧት ከሐይቁ የሚነሣው ጉም እስከ አስፋልቱ እየወጣ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት።

ጤና ነን ስልሽ ግን ልቤ ጤና አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ ልጄ ሰሚሃ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ ብቻዬን ስሆንም አፌ አይታዘዝልኝም። የአጎታችን ልጅ ሰዑድ ሐሙስ ወደዚያው ስለሚመለስ ይህን በእጁ ሰድጄልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ስታነብ ብትሰሚያት አንድም ቦታ አይዛትም። ቁርዓን ቤትም እንዲሁ ነበረች፤ ከእኩዮቿ ቀድማ ቁርዓኑን ጨርሳ ስታኸትም ሼሁ መርቀዋታል። በኅዳር ግን ሙላት የሚባል የአምባሰል ሰው አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ መጣ። «ድምፅ ሳታወጡ አንብቡ» ሲላቸው ክፍሉ በሳቅ ሞላ አሉ። አንዷ «ጋሼ፣ እንዲህማ ከሆነ ተኝተንም እናነባለን» ብትለው፣ «ስትነሡ የምትነግሩኝ ነገር ካላችሁ ተኙ» አላት። ከዚያ መጽሐፉን አስዘግቶ ያነበቡትን በአማርኛ እንዲነግሩት ጠየቀ። የእኔ ልጅ ተነሥታ ቆመች፤ ምንም መናገር አልቻለችም። ገጹ ስለ ንብ ነበር፤ ስለ ንብ መሆኑን እንኳ አላወቀችም።

መምህሩ አስጠራኝ። «እትዬ አሪፋ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ የምታነበው ግን በአፏ ብቻ ነው። የባዮሎጂውም የታሪኩም መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ እስካሁን በሽምደዳ ነው የመጣችው» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠናቸው ልጆች አሉት። መጀመሪያ ርዕሱን ዓይተው ስለ ምን እንደሆነ ይገምታሉ፤ የማያውቁት ቃል ሲመጣ ሳይደነግጡ ከፊትና ከኋላው ያለውን ያያሉ፤ በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግተው ለጓደኛ ይተርካሉ። ሰሚሃ አንድ ቀን ሄዳ ተመለሰች። «ከዘጠነኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ተቀምጬ ንብ ስቆጥር ልዋል እንዴ!» ብላ አኮረፈች፤ ትምህርቱም አስጠላት።

ይህን ጁማ የሚባለው ደላላ ሰማ። ባለፈው ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዓረብ አገር የሥራ ውል ይዞ መጣ። ሰሚሃ ተቀበለችውና በራችን ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አንብባ ወረደችው። «ማሻ አላህ! እንዲህ የምታነብ ልጅ ምን ያስፈራታል?» አለ ጁማ።

ሒክማ፣ እንግዲህ ልንገርሽ። አንቺ ከመሄድሽ በፊት፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር እቤታችን ያነበብሁልሽ የእንግሊዝኛ የውል ወረቀት ነበር። እኔን ፊደል ማንም አላስተማረኝም፤ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ከባለሱቁ ከእንድሪስ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ነው የለቀምሁት። መንደሩ ሁሉ ደብዳቤውን ይዞ ወደኔ ይመጣ ነበር፤ እኔም ተኩራርቼበት ነበር። ያን ቀን አባባ «አሪፋ ትቅራልን» ሲሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ቁርዓን ስንቀራ እኛ ድምፁን እናሳምራለን፣ ትርጉሙን ሼሁ ያውቁታል። ያን ወረቀትም እንደዚያው ያየሁት ይመስለኛል። «ምን ይላል እትዬ?» አልሽኝ። «ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትመለሻለሽ ይላል፤ ፈርሚ» አልሁሽ። ወላሂ፣ አንድም ነገር አልገባኝም ነበር። ሁለት ዓመት ያለው የዚያን ጊዜው ደላላ ነው። ፓስፖርትሽን ተቀምተሽ፣ ስልክ ተከልክለሽ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ስትቆዪ እማ ዓይንሽን ሳታይ ሞተች። አንቺ ደላላውን ስትረግሚ እኔ በስልክ አሚን እልሻለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ሰሚሃን መምህሩ እንደሚያደርገው «እስቲ ዝጊውና በአማርኛ ንገሪኝ» አልኋት። አልቻለችም። ቀጥላም ተቆጥታ «አንቺስ ይገባሻል?» አለችኝ። «አይገባኝም» አልሁ። ይህን በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጁማ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ወረቀቱን ትቶ ወጣ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዛ ሙላት ዘንድ ሄደች። አንብቦ እንዲነግራት ብትለምነው «እኔ ከነገርሁሽ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይነግርሻል፤ እኔ እያየሁ አንቺው አንብቢው» አላት። አሁን ከትምህርት ስትመለስ እርሳስ ይዛ ትቀመጥበታለች። ማን ነው፣ የት ነው፣ እስከ መቼ ነው እያለች ታሰምራለች። ፓስፖርቱ በአሠሪዋ እጅ እንደሚቆይ ራሷ አገኘችው። ደስ ሲለኝ ግን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «አክስቴም እኮ እንዲህ ያለውን ፈርማ ነው የሄደችው፤ አንቺ አንብበሽላት። ክፉ ቢሆን ትነግሪያት አልነበር?» ልጄ በእኔ ውሸት ተማምና ልትፈርም ነው።

እነግራታለሁ። ካንቺ በፊት እሷ እንድትሰማው ስላልፈለግሁ ነው እስካሁን የዘገየሁት። እንደምትጠላኝ እፈራለሁ፤ አንቺም እንዲሁ። ዝም ብዬ ስትሄድ ማየቱን ግን የበለጠ እፈራለሁ። ሰዑድ ደብዳቤው እጅሽ መግባቱን እንዳስታወቀኝ አስቀምጬ እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ለአንቺ ትደውላለች። እውነት ነው ወይ ስትልሽ፣ እህቴ ናት ብለሽ አትሸፍኝኝ። ያ ወረቀት ምን እንዳደረገሽ ሁሉንም ንገሪያት።

አባባ ዓይናቸው ቢደክምም በየሶላቱ ዱዓ ያደርጉልሻል። ጎረቤታችን አሰጋሽ «ሒክማዬን ሳሚልኝ» ብላለች። ሰሚሃም ትስምሻለች፤ የጻፍሁትን ግን አላየችም። አብረውሽ ላሉት ያገራችን ልጆች ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

እህትሽ አሪፋ
ሐይቅ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.