በልኬ የተቆረጠው የገና ዱላ

አባዬ፣ የኔ አባት፣

ካረፍህ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ገና ሊገባ ነው። በአገራችን ልጅ አባቱን አንቱ ነው የሚለው። አንተ ግን በልጅነቴ አንድ ቀን አንቱ ብልህ «ምነው፣ እንግዳ አደረግኸኝ?» ብለህ እስከ ማታ አኩርፈኸኝ ዋልህ። ስለዚህ እንደ ለመድነው አንተ እያልሁ እጽፍልሃለሁ። ጎረቤት ቢሰማ ይሰማ።

እማዬ ደህና ናት። ጋቢህን ለማንም አልሰጥም ብላ ራሷ ትለብሰዋለች፤ ሲረዝምባት መሬት ለመሬት ትጎትተዋለች፤ ሰው ከተናገራት ደግሞ ወዮለት። ማሳውን ጎረቤታችን በእኩል ያርሰዋል። ዘንድሮ ገብሱ ሸጋ ነው፤ ጤፉን ግን ውርጭ ትንሽ ነካክቶታል። በሬህ ዳማ አርጅቷል፤ ከቀንበር ቢወጣም እማዬ አትሸጡትም ብላ በደጅ ታበላዋለች። ባጃጅ አሁን እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። «ይኸ ባለ ሦስት እግር» እያልህ ትስቅበት የነበረው ባጃጅ ባለፈው እማዬን ቅዳሴ አድርሶ መለሳት፤ ከዚያ ወዲህ ምስጋናው ከአፏ አልተነጠለም።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ዱላዬን ምስጥ በላው።

አምና ሐዘን ላይ ስለ ነበርሁ ሜዳ አልወረድሁም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ዱላውን አንተ ካስደገፍህበት ግድግዳ ሳላነሣው ዓመቱ አለቀ። ዘንድሮ የወንዝ ወዲህ ቡድናችን ልጆች ከኅዳር ጀምረው «መምህር፣ ቦታህ ባዶ ነው» እያሉ ይልኩብኝ ጀመር። ሄጄ ባነሣው ከወገቡ በታች ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ረገፈ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወሰኝ፤ በሕይወቴ የገና ዱላ ገዝቼም አሠርቼም አላውቅም። አንተ ነበርህ የምትቆርጥልኝ። ከገደሉ አፋፍ አንገቱን ቀልሶ የበቀለ ወይራ ትመርጣለህ፤ ልጠህ ቅቤ ትቀባዋለህ፤ ከምድጃው በላይ ሰቅለህ ጭስ ታጠጣዋለህ፤ ለገና ዋዜማ አውርደህ ታስጨብጠኛለህ። ማን ልኬን እንደ ነገረህ ጠይቄህ አላውቅም። አባት የልጁን ልክ ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው።

እና አባዬ፣ ካለ አንተ ዱላ ወደ ሜዳ እገባ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም ነበር። ዘንድሮም ከቀረሁ ከርሞ እንደማልመለስ ግን አውቄዋለሁ። ሰው አንድ ጊዜ ከዳር ቆሞ ማየት ከለመደ አበቃ።

መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ ዱላውን እንደ ማገዶ አስሮ ተሸክሟል፤ ሁሉም አንድ ቁመት፣ ሁሉም አንድ ቅልስ። ልኬ የትኛው ነው ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ዱላ ምን ልክ አለው ጌታው፣ ጫማ አደረጉትሳ!» ብሎ ባለ ገበያውን አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። አንተ ብትኖር ግን እሱን ቁጭ አድርገህ እስከ ገበያው መፍቻ ድረስ ስለ ወይራ ታስተምረው እንደ ነበር እርግጠኛ ነኝ።

ቀጥሎ እብናት ጥሩ ቆራጭ አለ ሲሉኝ በሚኒባስ ወረድሁ። ሰውየው እውነትም እጁ ይናገራል፤ የሠራቸውን አገላብጬ አየሁ፣ እንከን የላቸውም። ግን አባዬ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። አንድ እጁ ሞረድ ላይ፣ አንድ እጁ ስልክ ላይ ሆኖ «ቁመትህን በቴሌግራም ላክልኝ፣ በሚኒባስ እልክልሃለሁ» አለኝ። ፊቱ ቆሜ ሳለሁ! ቁመቴን በስልክ የሚቀበል ሰው የእጄን ነገር በምን ያውቃል ብዬ ተናድጄ ተመለስሁ። ንዴቱ አንተን አስመሰለኝ መሰለኝ፣ መንገዱን ሙሉ አንተን ሳስብ መጣሁ።

ጉልበትህን ለማስታመም ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረድንበት ጊዜ ትዝ አለኝ። እስከ አንገትህ ውሃው ውስጥ ተቀምጠህ የሚገባውን የሚወጣውን ሰው እግር ትመዝን ነበር። ይኸ ለሩጫ፣ ያ ለመከላከል፣ ያኛው ደግሞ ለድግሱ ብቻ። የአንዱን ቄስ ባት አይተህ «አወይ፣ ይኸን የመሰለ እግር ለማኅሌት ብቻ መዋሉ!» ብለህ ጮክ ስትል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቄሱ ግን ዞር ብለው በዲቁናቸው ዘመን ስንት ጊዜ ሩር እንዳገቡ ይነግሩህ ጀመር። ሩሯ ያች ጡጫ የምታህል የእንጨት ኳስ ናት፤ እናንተ ግን እንደ ቤታችሁ ልጅ ነበር ያወራችሁላት። እስኪመሽ አልወጣችሁም። ያን ቀን ምነው በቆየን እላለሁ።

ሦስተኛው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከቤቴ በታች ያለው አናጢ ነው። ለምን መጀመሪያ እሱ ዘንድ እንዳልሄድሁ አንተ አታውቅም፣ ልንገርህ። ሆስፒታል ገብተህ ያልወጣህ ጊዜ ሳጥንህን ያዘዝሁት ከእሱ ነው። ቁመትህን ጠየቀኝ። ሜትር ይዤ ወዳንተ መመለሱ አልሆንልህ አለኝ። ቁመታችን አንድ ነው፣ እኔን ለካ አልሁት። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ፤ ከራሴ እስከ ተረከዜ ለካኝ፤ ትከሻዬንም ለካ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር።

ዘንድሮ ጨክኜ ገባሁ። ማሽን አለው፣ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ሰፈሬ ነው፣ ምን ሆንሁ ብዬ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ የገና ዱላ ፈልጌ ነው ስለው ደስ አለው። ሜትሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠውና «መለካትም አያስፈልግ መምህር፣ ልክዎን አልረሳሁትም» አለኝ። ደግ ሊናገር ነው። ምን እንዳልሁት አላስታውስም፤ እመለሳለሁ ብዬው ይሆናል። ራሴን ያገኘሁት ከላይ አስፋልቱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ቦታ ነበር፤ እሱም የማይኬድበት። አያ ፈንቴ፣ የወንዝ ማዶው ቡድን አለቃ፣ የዕድሜ ልክ ባላጋራህ። የወዲህ ሰው ከማዶኛ ዱላ አያስቆርጥም፤ ቢያስቆርጥ ሽንፈቱን በጁ ገዛ ይባላል። አንተም ስማቸው ሲነሣ ዱላቸውን ቅሰም ነው፣ ሲነኩት ይሰበራል እያልህ ታላግጥ ነበር። የሆነ ሆኖ ወንዙን ተሻገርሁ። አንተ የሞትህ ለት ከሁሉ ቀድመው የደረሱ፣ መቃብሩ እስኪደፈን ከራስጌህ ያልተነቃነቁ እሳቸው መሆናቸውን አስቤ ነው የተሻገርሁት።

ሲያዩኝ አልተገረሙም። ዐይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ነው አሁን የሚያርሰው። ጫማህን አውልቅ አሉኝ፤ አፈሩ ላይ በባዶ እግሬ አቆሙኝ። መዳፋቸውን እምብርቴ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ አንጓዬን፣ ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያዙ። አባዬ፣ ከሞትህ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የያዘኝ ሰው አልነበረም።

እሳቸው ግን ይስቁ ጀመር። ሳቃቸው ጋብ ሲል የነገሩኝን ሳላጓድል ልጻፍልህ፦ «አባትህ እኮ አንድ ቀንም በልክህ ቆርጦልህ አያውቅም። አራት ጣት ያህል ያስረዝመው ነበር። ማዶ ቆሜ ሳይህ ሁልጊዜ ከጫፉ ዝቅ አድርገህ ነው የምትይዘው። ኧረ ተው፣ ልጁ እኮ ጢም አብቅሏል ስለው፣ ምን አለኝ መሰለህ? ግድ የለም፣ ያድግበታል።»

ያድግበታል! ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ጠጉሬ ከጆሮ ግንዴ መሸበት ጀምሮ! እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ወደ ለቅሶ የዞረው የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። አያ ፈንቴ አልከለከሉኝም። ጨርሼ ፊቴን ስጠርግ ወይራውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ገጀራውን እንደያዙ ጠየቁኝ። በልክህ ልቁረጠው ወይስ እንደ አባትህ ላድርገው?

እንደ አባቴ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አራቱን ጣት እሳቸው ቢተዉልኝ ትርፍ እንጨት ነው እንጂ ያንተ ተስፋ አይሆንም። በልኬ ይቁረጡት አልኋቸው። ገጀራው ሲያርፍ ሰማሁት። ሰው ሁሉ የቀበረህ አምና ነው፤ እኔ የቀበርሁህ ግን ያን ጊዜ ነው አባዬ።

ዱላው ደርሷል፤ ሸጋ ዱላ ነው። እማዬ ቅቤውን ቀብታልኛለች፣ ከማዶ መምጣቱን ሰምታ እያጉረመረመች። ለገና ሜዳ እወርዳለሁ። አያ ፈንቴን ካሸነፍን በራሳቸው ዱላ አሸነፍናቸው እያልን ዓመቱን ሙሉ እናበሽቃቸዋለን፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አይደል።

አንተን በምን እንደማስታውስህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ተዝካርህን በየዓመቱ አዘክራለሁ፤ የእማዬንም አደራ እጠብቃለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ነው። አሁን ሁሉም ነገር በልኬ ነው፤ ማንም ትርፍ አይተውልኝም። ሽበቴን እያየ «ያድጋል» ብሎ የሚጠብቀኝ አንድ ሰው ግን ነበረኝ። እሱን እስክሞት አልረሳም።

ልጅህ