ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ደስታ

ለክቡር አቶ ሱጊሞሪ
የኢሶጋዋ ከተማ የስፖርት ሜዳዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የባሕሩ ነፋስ ጆሮ መቆንጠጥ በጀመረበት፣ የወደቡ ድመቶች እንኳ ፀሐይ የሚያርፍበትን ጥግ በሚሻሙበት በዚህ ወቅት፣ እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች፣ እንዲሁም በቅርቡ በቢሮዎ የተገጠመው አዲሱ ማሞቂያ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። የተጫዋቾቻችን መልበሻ ክፍል ማሞቂያ ስለሌለው ስለ እርሱ ጤንነት የምጠይቀው አይኖረኝም።

እኔ ከሜዳው በር ትይዩ ባለችው ባለ ሦስት ወንበር ፀጉር ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ራስ ሳስተካክል የኖርኩት ቶሺማሳ ኡጂዬ ነኝ። በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ወንበሬ ላይ ስለሚቀመጡ ይህን ሁሉ በአካል ልነግርዎ እችል ነበር። ዳሩ ግን አንገቱ ላይ ምላጭ ያረፈበትን ሰው መውቀስ ከጨዋ የማይጠበቅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በጽሑፍ፣ ያውም በከተማው ጋዜጣ ሕዝብ እያነበበው ማቅረቡን መርጫለሁ።

እንደሚያውቁት የፊታችን እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የእኛ የወደብ ሰዎች የራግቢ ቡድን ከተራራው ማዶ ከሚመጣው ከኩሮሳካ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን ጋር ይጋጠማል። ላለፉት ሁለት ሳምንታት በዚህ ከተማ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ሰው አላጋጠመኝም። አምና አሥራ ሰባት ለአሥራ ስድስት፣ በአንዲት ነጥብ፣ ያውም በመጨረሻው ደቂቃ ተሸንፈናልና ጉዳዩ የክብር ጉዳይ ነው። እርስዎም ይህን ተረድተው ጨዋታው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው «የተመልካቾች ምቾትና ሥርዓት መመሪያ» የተሰኘ አሥራ ስድስት ገጽ ጽሑፍ ስላደሉን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በታዘዝኩት መሠረት አንዱን ቅጂ በመስታወቴ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ደንበኞቼም ተራ ሲጠብቁ ያነቡታል፤ አንዳንዶቹም ሳይላጩ ወጥተዋል። ከመመሪያው ጋር በተያያዘ የሚከተሉትን ጥቂት ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመመሪያው ሦስተኛ ገጽ ተመልካቾች «የሜዳውን ሰዓት እየተከታተሉ» ጨዋታው ሳያልቅ ከቦታቸው እንዳይነሡ ያሳስባል። ማሳሰቢያው ግሩም ነው። የሜዳው ሰዓት ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆሞ፣ እስካሁን ከዚያች ደቂቃ ንቅንቅ አላለም። ጨዋታዎቻችን የሚጀመሩት በስምንት ሰዓት በመሆኑ፣ በእርሱ አቆጣጠር ቡድናችን በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ጨዋታ አልጀመረም፤ ስለዚህም አልተሸነፈም። ጽሕፈት ቤትዎ ሰዓቱን ሳያስጠግን የቆየው ለቡድኑ ስም ተቆርቁሮ ከሆነ ውለታውን አንረሳም።

ሁለተኛ። በአባሪው ላይ ተመልካች እንዲጮኽ የተፈቀዱለት አሥራ አንድ ቃላት ተዘርዝረዋል፤ ከእነዚህም መካከል «በርቱ»፣ «ጎበዝ»፣ «ጥሩ ሙከራ» ይገኙበታል። በዓሣ ገበያው የጨረታ ዋጋ የምትጠራውና ድምፅዋ ከመብራት ቤቱ ማዶ የሚሰማው ወይዘሮ ናጹዮ ዝርዝሩን ለመለማመድ በቅንነት ሞክራለች። ከሦስተኛው ቃል ላይ ስትደርስ ግን «ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያፏጭ ምን ልበለው? ጥሩ ሙከራ ልበለው?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄውን ወደ እርስዎ አስተላልፌአለሁ።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ነገሩ ረዘም ይላልና። ገጽ ዘጠኝ ላይ «ማንኛውም ተመልካች በእጁ የሚይዘው ባንዲራ ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር መብለጥ የለበትም» ተብሎ ተጽፏል። እርስዎ ወደ ከተማችን ከመጡ ገና ሦስተኛ ዓመትዎ በመሆኑ ይህች አንዲት መስመር ምን እንዳደረገች ላያውቁ ይችላሉ። ጽሕፈት ቤትዎ ቃለ ጉባኤ እንደሚወድ ስለማውቅ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፀጉር ቤቴ የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍራለሁ።

የተገኙት ወይዘሮ ናጹዮ (ባሏን ፈልጋ መጥታ ስታጣው የተቀመጠች)፣ ኩሮሳካ ተወልዶ እዚህ የሚኖረውና ኩሮሳካን የሚደግፈው የአውቶቡስ ሾፌር ሃናዋ፣ እንዲሁም ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ቶኩዞ ሲሆኑ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ ነበሩ።

«ዘንድሮ ሃያ ነጥብ አስቆጥረን ነው የምንሸኛችሁ» አለች ናጹዮ፣ ሃናዋን በመስታወቱ ውስጥ እያየችው።

«እናንተ? አሥራ አምስት ሆናችሁ አንድ ኳስ መያዝ ያቃታችሁ?» አላት ሃናዋ። «ኳስ እኮ ነው እቴ፣ ዓሣ አይደለም! አያሟልጭም!»

«አያሟልጭም? አምና ከዚያ ዝሆን ከምትሉት ተጫዋቻችሁ እጅ አሟልጮ አልነበር የወደቀው? ከመስመሩ ማዶ መሬት ሳያስነካው ነጥብ የለም! ዳኛው ነው አዝኖ የሰጣችሁ።»

«አስነክቷል!»

«አላስነካም! ኡጂዬ፣ አንተ እዚያው ጥጉ ጋ አልነበርክም እንዴ? ንገረው እንጂ!»

እኔ በዚያች ቅጽበት ምላጭ መሳል ጀመርኩ። እርሷም ትታኝ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ እሑድ ባንዲራውን የሚሸከምልዎ ሰው በስንት ሰዓት ልላክ?»

«አትላኪ» አሏት ቶኩዞ። «አላመጣውም። አንድ ሜትር ተብሏል።»

«አንድ ሜትር? መሐረብ ነው እንዴ!»

«ከሜዳው ማዶ ለጊንጂ መሐረብ አይታየውም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው መመሪያ ላይ ሳያነሡ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ በሬዲዮ እሰማለሁ። በቃ።»

ሃናዋ አጋጣሚውን ለመሳለቂያ ያውለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «ጋሽ ጊንጂ እኮ በኔ አውቶቡስ ነው የሚመጡት» አለ። «ወንበር ይዘዋል። ‹ጉልበቴ ከዚህ በኋላ የሜዳ ደረጃ አይወጣልኝም፤ የመጨረሻዬ ናት› ብለውኛል።»

የቃለ ጉባኤው መጨረሻ ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቶኩዞና ጊንጂ በአንድ የዓሣ ጀልባ ላይ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ጀልባዋ መጀመሪያ ውኃ ስትነካ፣ በእኛ ወግ መሠረት ወዳጆች ባንዲራ አሠርተው ሰጡ፤ ቁመቱ ሁለት፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ሲሆን፣ ማዕበልና የምትወጣ ፀሐይ፣ መሐሉ ላይም ከሰው የሚበልጥ ቱና ዓሣ ተሥሎበታል። ጀልባ ሞልቶ ሲመለስ ይህ ባንዲራ ይሰቀላል፤ በወደቡ ያለውም ሰው ገና ከሩቅ አይቶ ደስ ይለዋል። ጊንጂ ኋላ የኩሮሳካ ሴት አግብተው በተራራው ማዶ ቀሩ፤ በራግቢም ከዱን፤ የሚስታቸው ወንድሞችም ሌላ ባንዲራ አሠሩላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ ለአርባ ስድስት ዓመት፣ ኩሮሳካ ወደዚህ በሚመጣበት ዕለት ጨዋታው ሊጀመር ሲል መጀመሪያ እንግዳው ጊንጂ ከምዕራቡ መቀመጫ ያውለበልባሉ፤ ቀጥሎም ቶኩዞ ከምሥራቁ ይመልሳሉ። ሁለቱም ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ ሲገናኙ «እ?» ከመባባል በቀር የሚተርፋቸው የለም። የጊንጂን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል፤ ከሜዳው ማዶ የሚታያቸው አንድ ነገር ቢኖር ያ ቱና ብቻ ነው። ጀልባዋ ባለፈው ጸደይ ተበታትና ለብረት ሄደች፤ የቀረው ጨርቁ ነው። በዓመት አንድ ቀን «አለሁ፤ አንተስ አለህ?» የሚባባሉበትን ይህን ጨርቅ ነው እንግዲህ ገጽ ዘጠኝ ያስቀረው። ነገሩን በቀልድ ልጽፈው ብሞክርም እዚህ ላይ ቀልዱ አልመጣልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አራተኛ። ይኸኛው አቤቱታ ሳይሆን የምሥራች ነው። ወይዘሮ ናጹዮ ገጽ ዘጠኝን በጨረታ ዓይኗ ደግማ ደጋግማ አንብባ፣ ክልከላው አንድ ተመልካች በእጁ የሚይዘውን እንጂ ተመልካቾች ተጠጋግተው መቆማቸውን፣ የያዙትም ጨርቅ እርስ በርሱ የተሰፋ መሆኑን እንደማይመለከት ደርሳበታለች። አራት ሜትር በሁለት ሜትር ማለት ስምንት ሰው ማለት ነው። ስለሆነም እሑድ ስምንት ሥርዓት አክባሪ ዜጎች እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ብቻ ይዘው፣ በአጋጣሚ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሃናዋም ከምዕራቡ በኩል ከተሳፋሪዎቹ ጋር ይህንኑ እንደሚያደርግ ቃል ገብቷል፤ ተቃራኒ ቡድን የሚደግፍ ሰው እንዲህ ሲተባበረን በሠላሳ አንድ ዓመቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በራግቢ ከፊት ተቃቅፈው የሚገፉትም ስምንት በመሆናቸው ቁጥሩን በመልካም ምልክትነት ወስደነዋል።

ሽማግሌው ቶኩዞ ነገሩ ሲነገራቸው «ስምንት ሰው ለአንድ ባንዲራ? ብቻዬን አልነበር እንዴ የማነሣው!» ብለው ተቆጥተዋል። ጥቂት ቆይተው ግን «ናጹዮ፣ አንቺ ጭራውን እንዳትይዢ፤ ትጎትቺዋለሽ» ማለታቸውን ከመምጣት ሐሳብ ቆጥረንላቸዋል።

የቀረን በር ላይ የሚቆሙት ዘበኞችዎ ናቸው። እነርሱ ሜትር ይዘው ስምንታችንን አንድ በአንድ ቢለኩን በደስታ እንለካለን፤ የታጠፈውን ባንዲራ ከሽማግሌው እጅ የሚነጥቁ ከሆነ ግን ጊንጂ ሠላሳ ስድስት ደረጃ በታመመ ጉልበት ወጥተው በምሥራቁ መቀመጫ የሌለውን ቱና ሲፈልጉ ይውላሉ። አንድ ቃል ከእርስዎ ከወጣ ይህ አይሆንም፤ ያችን ቃልም በተፈቀዱት አሥራ አንድ ቃላት ውስጥ ባትገኝ እንኳ እንዲናገሯት እለምናለሁ።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን ረጅም ጽሑፍ ስላነበቡ፣ ወይም የሚያነብልዎ ሰው ስለመደቡ፣ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመመሪያዎ አጭር ዕድሜን የምመኝ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከተሳለ መቀስ ጋር፣
ቶሺማሳ ኡጂዬ
ፀጉር አስተካካይ፣ በሜዳው በር ትይዩ

ማሳሰቢያ። የመመሪያዎ የመጀመሪያ ገጽ የባንዲራው ክልከላ «ከአንድ ተቆርቋሪ ነዋሪ በደረሰን ጥቆማ» የወጣ መሆኑን ይገልጻል። ያ ተቆርቋሪ ነዋሪ እኔ ነኝ። አምና አሥራ ስድስት ለአሥራ ሁለት እየመራን፣ ከሽማግሌው ቶኩዞ ጀርባ ተቀምጬ ሳለ፣ እሳቸው ጨዋታው ያለቀ መስሏቸው ባንዲራውን ከፍ አደረጉ፤ የኩሮሳካው ዝሆን መስመሩን ያለፈውም በዚያችው ቅጽበት ነበር። ኳሱ መሬት ይንካ አይንካ፣ ዓመቱን ሙሉ ደንበኞቼ የተጨቃጨቁበትን ነገር፣ እኔ አላየሁም፤ ያየሁት የቱና ጭራ ነው። በማግሥቱ በንዴት ጻፍኩልዎ፤ ስሜንም አልጻፍኩም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለጽሕፈት ቤቱ ስለ ሰዓቱ፣ ስለሚያፈሰው ጣራ፣ መቀርቀሪያ ስለሌለው መጸዳጃ ቤት ሠላሳ ስድስት ደብዳቤ በስሜ ጽፌ አንድም መልስ አላገኘሁም፤ ሠላሳ ሰባተኛውን፣ ያንን ስም የለሹንና ከሁሉም የከፋውን፣ በአሥራ ስድስት ገጽ መለሱልኝ። ሰዓቱ ቢሠራ ኖሮ ሽማግሌው ደቂቃ እንደቀረ ባወቁ፣ ባንዲራው ባልተነሣ፣ እኔም ባልጻፍኩ ነበር። ጋሽ ቶኩዞ፣ ይህን የሚያነቡ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ በመስታወት እያዩኝ ፊትዎ ላይ ልናገረው አልቻልኩም። ከስምንቱ ባንዲራ ያዦች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሽማግሌው ከዚህ በኋላ አጠገባቸው እንድቆም ካልፈለጉ እውነት አላቸው። እንዲያ ከሆነ፣ ክቡር አቶ ሱጊሞሪ፣ እሑድ አንድ ሜትር ባዶ ቦታ ይኖራልና ጓንትዎን አድርገው ይምጡ፤ ጭራው በኩል ነው።